ገና ላልተሠራ ጌም ገንዘብ ማዋጣት፦ ማንን ታምናላችሁ?

ሌሊት ወፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ከገባ ቆየ፤ ዛሬ ላውጣው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሰው ገና ላልተሠራ ነገር ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ፣ በኪክስታርተር፣ አንድ ጌም ደግፌ ነበር። ስሙን አልጠራም። ትሬይለሩ አንጀት ያርስ ነበር። ጭጋግ ውስጥ የሚቀዝፍ ሽማግሌ፣ ጀልባው አፍንጫ ላይ የተንጠለጠለ ፋኖስ፣ ከስር ቀስ ብሎ የሚያልፍ ትልቅ ጥላ። ያን ማታ ደጋግሜ አየሁትና ካርዴን አወጣሁ። በጌሙ መጨረሻ ስሜ ከደጋፊዎች ጋር እንዲጻፍልኝም ትንሽ ጨመርኩ።

መጀመሪያ በየሁለት ሳምንቱ አፕዴት ይልኩልን ነበር። ከዚያ በየወሩ ሆነ። ከዚያ በየሦስት ወሩ። የመጨረሻው አራት መስመር ብቻ ነበር፤ ውሃውን እንደ አዲስ እየሠራነው ነው፣ በቅርቡ ቪዲዮ እናሳያችኋለን ይላል። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮሜንቱ ላይ አሁንም አልፎ አልፎ ሰው ይገባና «የቀረ ሰው አለ?» ብሎ ይወጣል።

ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ከውስጤ አልወጣ ያለው ዝምታቸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘመቻ ዓይኔ ገባ። ሦስት ልጆች ናቸው የሚሠሩት። ዴሞ (የመሞከሪያ ቅጂ) ለቀዋል፤ ሁለት ሰዓት ተጫወትኩትና ወደድኩት። ግን «ደግፍ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ይመለሳል። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ? ማንን ታምናላችሁ? በምንስ ትለያላችሁ?

የመጨረሻው ቦስ፦

ወንድሜ፣ እጅህን ስማው።

እኔም እንዳንተ አንዴ ተቃጥያለሁ፤ የዚያንም ስም አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ገና ላልተሠራ ነገር አልከፍልም። ደግሞ ሰው ሁሉ ዓይኑ እያየ የሆነውን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይቲ ነምበር ናይን የሚባል ጌም መጣ። ሜጋ ማን የሚባለውን የድሮ ጌም ሲጫወት ያደገ ሰው ከሠሪዎቹ የአንዱን፣ የኬጂ ኢናፉኔን ስም ሲያይ ሌላ ማስረጃ አልጠየቀም። 900 ሺህ ዶላር ተጠየቀ፣ በኪክስታርተር ብቻ ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከዚያ ቀን ይቆረጣል፣ ይራዘማል። እንደገና ይቆረጣል፣ ይራዘማል። በ2016 ሲወጣ ብዙው ሰው ቅር ብሎት ቀረ።

ስታር ሲትዝን የሚባል ጌምም አለላችሁ። በ2012 ሲጀመር በ2014 እናወጣዋለን ተብሎ ነበር። ዛሬ ከደጋፊዎች የተሰበሰበው ከ700 ሚሊዮን ዶላር አልፏል፤ ሙሉው ጌም ግን አላለቀም። ኡያ የሚባለው ኮንሶልም (የጌም ማጫወቻ ዕቃ) ከ63 ሺህ ሰው ወደ 8.6 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ዕቃው በ2013 ሰው እጅ ገባ፣ በ2015 ሬዘር ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ፣ በ2019 አገልግሎቱ ተዘጋ።

የኔ መንገድ ቀላል ነው። ሲወጣ እገዛዋለሁ። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከተገዛ 14 ቀን ካላለፈውና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትኩት ገንዘቤ ይመለስልኛል። ለዘመቻ የከፈልከውን ማን ይመልስልሃል?

ሰዓሊዋ፦

ቦስ፣ የጠራሃቸው ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ሁላችንም «ሲወጣ እገዛዋለሁ» ብንል ኖሮ አንዳንዱ ጌም ጭራሽ ላይወጣ ይችል ነበር።

ሆሎው ናይት የሚባለውን ጌም ውሰድ። በ2014 የጠየቁት 35 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነው። የተሰበሰበው 57 ሺህ ገደማ፣ ደጋፊው ከሁለት ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው። ያ ሁሉ የነፍሳት ከተማ፣ ያ ሙዚቃ፣ ከዚያች ገንዘብ ተነሣ። አንደርቴል በ2013 የጠየቀው 5 ሺህ ዶላር ነው፤ 51 ሺህ አገኘና በ2015 ወጣ። ኤፍቲኤል 10 ሺህ ጠይቆ 200 ሺህ ሰብስቦ እዚያው 2012 ላይ አደረሰ። ሾቭል ናይት ደግሞ በ2013 ቃል የገባቸውን ተጨማሪ ክፍሎች ጨርሶ እስኪያስረክብ 2019 ደረሰ። ጌሙ ከወጣ አምስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ግን አስረከበ!

እነዚህን የምዘረዝረው ልከራከርህ አይደለም። እኔ ራሴ ሥዕል እሠራለሁ። ሰው ገና ያላለቀ ሥራዬን አይቶ «ጨርሺው፣ እየጠበቅኩ ነው» ሲለኝ እጄ ላይ የሚመጣውን ጉልበት አውቀዋለሁ። ጌም ስደግፍ ያንን ነው የምሰጠው። የማጣው ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ባጣው የማያመኝን ያህል ብቻ ነው የማወጣው።

ጸጥተኛው፦

ሌሊት ወፍ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ዝምታ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ሲልክሶንግን አስታውስ። መነሻው የሆሎው ናይት ዘመቻ ነው፤ ገንዘቡ እዚህ ከደረሰ ሁለተኛ ገፀ ባህሪ እንጨምራለን ተብሎ ነበር። ያ ተስፋ አድጎ ራሱን የቻለ ጌም ሆነ። በ2019 መጀመሪያ ተነገረን። ከዚያ ከሠሪዎቹ ወሬ ሳይሰማ ብዙ ጊዜ አለፈ። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ወጣ። ያኔ የደገፉትም ተጨማሪ ሳይከፍሉ አገኙት። ዝም ያለ ሁሉ ሸሽቷል ማለት አይደለም።

ሌሊት ወፍ፦

ጸጥተኛው፣ ይሄን አስቤዋለሁ። ልዩነቱ ግን አለ። እነሱ አንድ ጌም ጨርሰው እጃችን ላይ አስቀምጠው ነው ዝም ያሉት። የኔዎቹ ከፋኖሱና ከጀልባው ሌላ ያሳዩኝ ነገር የለም። ያንን ዝምታ በምን ልሙላው?

ኮደሩ፦

ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ልናገር። ይሄን ሳነብ ደረቴ ላይ ከበደኝ፣ ምክንያቱም እኔ ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዘመቻ ከፍተን ነበር። ተሳካልን። የተሳካ ቀን ተቃቅፈን አለቀስን። ግን መጀመሪያ ያልገባኝን ልንገራችሁ። ከመቶው ዶላር አምስቱን ኪክስታርተር ይወስዳል፣ ከሦስት እስከ አምስት ደግሞ ለክፍያ ማስተላለፊያ ይሄዳል። ካርዳቸው የማይሠራ ደጋፊዎች አሉ። ከዚያ ቲሸርቱ፣ ፖስተሩ፣ ፖስታ ቤቱ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮድ ሳልነካ ቲሸርት በመጠን በመጠኑ ሳጥፍ፣ አድራሻ ስለጥፍ ከረምኩ። ጌም ለመሥራት ከሰው የወሰድኩትን ጊዜ ነው ያጠፍኩት።

ሌላም ልናዘዝ። ኪክስታርተር ላይ ግቡ ካልሞላ ምንም አታገኝም። ስለዚህ ሰው የሚያስፈልገውን ሳይሆን የሚሞላለትን ቁጥር ይጽፋል። እኛም እንደዚያ አደረግን። «ቀሪውን እንደምንም እናደርሳለን» አልን። ብዙ ዘመቻ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስ የሚባለው ጌም በ2014 300 ሺህ ፓውንድ ሲጠይቅ ዋናው ሐሳብ ጌሙ ፈላጊ እንዳለው ለአንድ ባለሀብት ማሳየት ነበር፤ እሱን ደግሞ በግልጽ ተናግረውታል። እኛ የሚጠብቀን ባለሀብት አልነበረም።

በአሥራ አራት ወር እንጨርሳለን ብለን ሦስት ዓመት ፈጀ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጌም ሴቭ የሚያደርገው ክፍል ተበላሸብኝ። ተጫዋቹ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲመለስ የከፈተው በር ተዘግቶ፣ የገደለው ጠላት ተነሥቶ ያገኘዋል። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይፈርሳል። መሠረቱን ነበር ያበላሸሁት።

የወሩ መጨረሻ ሲመጣ አፕዴት መጻፊያውን እከፍታለሁ። «ሰላም ውድ ደጋፊዎቻችን» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል አየዋለሁ። ምን ልበል? እዘጋዋለሁ። በሚቀጥለው ወር ሁለት ወር ዝም ስላልኩ የሚያሳይ ትልቅ ነገር ያስፈልገኛል። ትልቅ ነገር ስለሌለኝ አልጽፍም። በአምስተኛው ወር ጭራሽ ገጹን መክፈት ፈራሁ። ማንንም ለማታለል አስቤ አላውቅም። ከውጭ ሲታይ ግን ከአታላይ በምን እለያለሁ? በምንም።

አንድ ማታ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀመጠና «ሴቭ የተበላሸ መሆኑን ጻፍ፣ ሌላ ምንም አትጨምር» አለኝ። የተዘጋውን በር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አያይዤ ጻፍኩ። መቶ የሚሆኑ ኮሜንቶች መጡ። ገንዘቤን መልሱ ያሉ ነበሩ፣ የቻልነውን መለስን። የሰደበኝም አለ፣ ልክ ነበር። ብዙዎቹ ግን «ስለነገርከን እናመሰግናለን» አሉ። አንድ ደጋፊ ደግሞ ፕሮግራመር ኖሮ የችግሩን ምንጭ ባልጠበቅሁት ቦታ አሳየኝ።

ጌሙ ወጥቷል። ትንሽ ነው፣ ካሰብነውም ያንሳል። ግን አለ። ሌሊት ወፍ፣ የአንተዎቹን አላውቃቸውምና አልከላከልላቸውም። አምስት ወር ዝም ማለት ከውስጥ ምን እንደሚመስል ግን እንድታውቅ ፈልጌ ነው።

የመጨረሻው ቦስ፦

ኮደሩ፣ ይሄን በመጻፍህ አከብርሃለሁ። አቋሜ አልተቀየረም። ግን ከዛሬ በፊት ዝም ያለ ሁሉ ገንዘቡን በልቶ የተኛ ይመስለኝ ነበር።

የአታሪ ልጅ፦

ልጆች፣ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ ሳልበልጥ አልቀርም። እስቲ ስለ ደንቡ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙው ጠብ የሚመጣው ሰው ግዢ ፈጽሜያለሁ ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ኪክስታርተር ራሱ በሴፕቴምበር 2012 «እኛ ሱቅ አይደለንም» ብሎ በይፋ ጽፏል። ከዚያ ጀምሮ ባለ ዘመቻው ሁሉ ምን ሊያሰናክለው እንደሚችል በገጹ ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ያችን ክፍል አንብቧት። «ልምድ ስላለን ምንም ችግር አይገጥመንም» የሚል ካገኛችሁ ገጹን ዝጉት። ልምድ ያለው ሰው የቱ ቦታ ላይ እንደሚደናቀፍ ያውቃል፣ ስሙንም ጠርቶ ይነግራችኋል።

በድርጅቱ ውል መሠረት ስምምነቱ በባለ ዘመቻውና በደጋፊው መካከል ነው። መጨረስ ያቃተው ሰው ገንዘቡ በምን እንደወጣ ማስረዳት፣ የተረፈ ካለም መመለስ አለበት። ድርጅቱ ራሱ አይመልስላችሁም። ኢንዲጎጎ በሚባለው ሌላ የማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ግቡ ባይሞላም የተሰበሰበውን መውሰድ የሚያስችል አማራጭ ለዓመታት ነበር፤ በግማሽ ገንዘብ ሙሉ ጌም ቃል የገባ ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል ማለት ነው። የቱ ዓይነት እንደሆነ ሳታዩ አትክፈሉ።

ሕግስ? በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በእንዲህ ዓይነት ገንዘብ ማሰባሰብ ላይ የመጀመሪያውን ክስ አቀረበ። የቦርድ ጌም ነበር። ሰውዬው 35 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ122 ሺህ በላይ ሰበሰበ፤ ብዙውን ለኪራይና ለግል ጉዳዩ አዋለው ተባለ። ከ111 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። መክፈል ስለማይችል ግን ክፍያው ታገደ። ደጋፊዎቹ ከዚያ ውሳኔ ምን ገንዘብ አገኙ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ምንም።

ሙሉ በሙሉ ተስፋ አትቁረጡ ደግሞ። በ2015 ዋርተን የሚባለው የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤት አንድ ፕሮፌሰር ወደ 47 ሺህ የሚሆኑ የኪክስታርተር ደጋፊዎችን ጠይቆ ነበር። ቃል የተገባውን ሽልማት ሳያስረክብ የቀረው 9 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጌም ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ዓይነት ፕሮጀክት ነው ያየው። መዘግየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቀን ተቆርጦ በቀኑ የደረሰ ጌም እኔ በሕይወቴ ያየሁት ጥቂት ነው።

ፒክስል፦

ጋሼ፣ ያሉት በሙሉ ይመዝገብልን። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከገንዘብ ማነስ ይልቅ የገንዘብ መብዛት ያበላሸውም አለ።

ደብል ፋይን የሚባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ በ2012 400 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ87 ሺህ ሰው ከ3.3 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ለጌም ትልቁ በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡ ሲበዛ ሐሳቡም አበጠ። መሥራት ሲጀምሩ ያም አልበቃ አለ። ጌሙን፣ ብሮክን ኤጅን፣ ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹ በ2014፣ ግማሹ በ2015 ወጣ። ሰው ተናደደ። እኔም አኩርፌ ነበር።

ግን ያደረጉትን ተመልከቱ። ካሜራ ቢሮአቸው ገብቶ ሁሉንም ሲቀርጽ ነበር። በጀቱ አልበቃም ሲባል የሰዎቹ ፊት እንዴት እንደሚሆን በቪዲዮው አይተናል። ስብሰባው ላይ ሲከራከሩ፣ ይሄ ይቆረጥ ያ ይቅር ሲሉ ሰምተናል። ስለዚህ እነዚያው ሰዎች በ2015 መጨረሻ ለሳይኮናውትስ 2 ተመልሰው ሲመጡ ፊግ በሚባል ሌላ የማሰባሰቢያ ድረ ገጽ በኩል 3.8 ሚሊዮን ዶላር ተዋጣላቸው። እሱም ዘግይቶ በ2021 ወጣ፣ በጣምም ተወደደ። ሰው ሁለተኛ ጊዜ የከፈለው የመጀመሪያው ያለ እንከን ስለሄደ አይደለም። ሲበላሽም አሳይተውታል።

ስለዚህ ሌሊት ወፍ፣ የልጆቹን ስትሬች ጎል (ገንዘቡ ከግቡ ካለፈ እንጨምራለን የሚሉትን) እየው። ገንዘብ በጨመረ ቁጥር ባለብዙ ተጫዋች፣ ሌላ ኮንሶል፣ ሌላ ዓለም እየጨመሩ የሚሄዱ ከሆነ ፍራ። ሙዚቃ በእውነተኛ መሣሪያ እናስቀርጻለን፣ በተጨማሪ ቋንቋ እናስተረጉማለን ካሉ፣ እሱ ተቆጥሮ የሚታወቅ ሥራ ነው።

ጸጥተኛው፦

ቃል የማይጠበቀው በመዘግየት ብቻ አይደለም። ሸንሙ 3 የሚባለው ጌም ነገር ትዝ ይላችኋል? ሰው ስቲም ላይ አገኘዋለሁ ብሎ ደገፈ። ሊወጣ ወራት ሲቀሩት፣ በ2019፣ ፒሲ ላይ የሚወጣው ኤፒክ በሚባለው ሌላ የጌም መሸጫ ላይ ነው ተባለ። ቁጣው ከበድ ስላለ በኋላ ሪፈንድ ፈቀዱ። ጌሙ ወጥቷል፣ ሰው ግን የተነጠቀ ያህል ነው የተሰማው። ትንሽ የምትመስል ቃል ለደጋፊው ትንሽ አይደለችም።

ሰዓሊዋ፦

ሌሊት ወፍ፣ ልጆቹን ለምን አትጠይቃቸውም? ከመክፈልህ በፊት መልእክት መላክ ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ እልካለሁ። የመልሱን ፍጥነት አላይም። የጠየቅኩትን መመለሳቸውን ነው የማየው። ደግሞ ገጻቸው ላይ እነሱ ራሳቸው ስንት ዘመቻ እንደደገፉ ይታያል። ሌላውን ደግፎ የጠበቀ ሰው መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ኮደሩ፦

«ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢያልቅ መጀመሪያ የምትቆርጡት ምንድነው?» ብለህ ጠይቃቸው። መልስ ካላቸው ተቀምጠው አስልተዋል ማለት ነው። እኛን ያኔ ማንም ቢጠይቀን መልስ አልነበረንም።

ሌሊት ወፍ፦

ጠየቅኳቸው። በማግስቱ መለሱልኝ። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ቃል በቃል አልለጥፈውም፤ ፍሬ ነገሩን ላካፍላችሁ።

ጌሙ ሰባት ደሴቶች አሉት። ገንዘቡ ካነሰ ስድስተኛውና ሰባተኛው ይቀራሉ፤ ታሪኩም አምስተኛው ላይ እንዲያልቅ ሆኖ ከአሁኑ ተጽፏል። ከሦስቱ አንዷ ሌላ ሥራ አላት፣ እሱን አትለቅም። ጭራሽ ካልቻሉ ያለውን ያህል ለደጋፊው ሰጥተው ለምን እንዳቃታቸው እንደሚጽፉ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣም የሚያስፈራቸው ነገር ካሜራው ጠባብ ዋሻ ውስጥ ሲገባ የሚያሳየው ችግር እንደሆነና እስካሁን መፍትሔ እንዳላገኙለት ጻፉ። ያንን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ሁለት ቀን አሰብኩበትና ደገፍኳቸው። ዝቅተኛውን ደረጃ ነው የወሰድኩት፣ ጌሙን ብቻ የሚሰጠውን።

ከዚያ የድሮው ጌም ገጽ ላይ ገባሁ። ጀልባው አሁንም እዚያው ነው። «ገንዘብ አልፈልግም፤ ውሃውን መጨረስ ካቃታችሁ አቃተን በሉን፣ ማናችንም አንሰድባችሁም» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን መልስ የለም። ሦስት ሰዎች ግን ልብ ሰጥተውታል።

ኮደሩ፦

ያየ ሰው ይኖራል። እኔ በእነዚያ አምስት ወራት አልመለስም እንጂ ኮሜንቱን በሙሉ አነብ ነበር።

የአታሪ ልጅ፦

ተባረክ ልጄ። አፕዴታቸውን እዚህ እየመጣህ አካፍለን።

የመጨረሻው ቦስ፦

የልጆቹን ዴሞ አወረድኩት። ገንዘብ አላወጣሁም፣ ስለሱ ያልኩትን ብያለሁ። ሁለተኛው ደሴት ላይ ድልድዩን ሮጠህ ስትሻገር የምትጫወትባት ልጅ ድንጋዩ ውስጥ ገብታ ትቀራለች፤ ስትዘል ብቻ ነው የምትወጣው። ሦስት ጊዜ ደግሜ አረጋገጥኩ። ቀርጬ ልኬላቸዋለሁ።